ሌሊቱን የምትቆጥር አበባ

አደይ በመስከረም መጥታ በጥቅምት ትሰናበታለች። ኅዳር ሲገባ ሜዳው ላይ ዘሯን አራግፋ፣ ደርቃ ታገኟታላችሁ። ከዚያ በኋላ በቢቸናም ሆነ በሞጣ በየአጥሩ ሥር፣ በየበረንዳው ጣሳ ላይ የምትቀር አንዲት አበባ አለች። ቅጠሏ ዳር ዳሩ የተቆራረጠ፣ ሲያሹት የሚሸት ነው። አበባዋ ድርብርብ ሲሆን ነጭ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ወይም የነሐስ መልክ ያለው ይሆናል። ብዙ ሰው በመልኳ ያውቃታል፤ ስሟን ሲጠየቅ ግን «የፈረንጅ አበባ ናት» ብሎ ያልፋል። ስሟ ክሪዛንተመም ነው።

ለብዙ ዓመታት የሥነ ሕይወት መምህር ነበርኩና ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስለዚህች አበባ የሚጠይቁኝ ሰዎች አላጣሁም። የሚጠይቁኝም በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «መምህር፣ የእኔዋ ለምን አታብብልኝም?» ሁለተኛው፣ «ቆርጬ ስተክላት ለምን አትይዝልኝም?»

ሁለቱ ጥያቄዎች ተቃራኒ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። መልሱን አብዛኛው ሰው የሚፈልገው አፈሩና ውኃው ውስጥ ነው። እነሱም ድርሻ አላቸው፤ ዋናው ነገር ያለው ግን ሌሊቱ ላይ ነው። ይህቺ አበባ ጨለማን ትለካለች። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ከአንዲት የደከመች ሥር ተነሥቶ ለዘመድ አዝማድ የሚበቃ ችግኝ ማውጣት ይችላል። እኛ ቤት የሆነውም ይኸው ስለሆነ፣ ነገሩን ከነአሠራሩ ልንገራችሁ።

ዘመዶቿ ጓሯችን ውስጥ አሉ

ክሪዛንተመም የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የወርቅ አበባ» እንደ ማለት ነው። ቻይናውያን ከ1500 ዓመታት በላይ ሲያለሟት ኖረዋል። ጃፓኖች ደግሞ ባለ 16 ቅጠሉን አበባ የንጉሠ ነገሥታቸው ቤት ዓርማ አድርገውታል። ወደ አውሮፓ የገባችበት ታሪክ ለእኛ ጉዳይ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1789 ፒየር ብላንካር የተባለ የማርሴይ ነጋዴ ከቻይና ሦስት ዓይነት ይዞ ተነሣ። ከረጅሙ የባሕር ጉዞ በኋላ በሕይወት የቀረችው አንዷ፣ ሐምራዊዋ ብቻ ነበረች። አንዷ ግን በቃች፤ ቀንበጧ እየተቆረጠ ተባዛች።

ስሟ እንግዳ ቢሆንም ዘመዶቿ ለእኛ እንግዶች አይደሉም። አደይ አበባ፣ ኑግ፣ ሱፍና ግራዋ ሁሉም የአንድ ትልቅ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ክሪዛንተመምም ከዚያው ቤተሰብ ናት። ከሁሉም የምትቀርባት ግን አሪቲ ናት። የሁለቱንም ቅጠል አሽታችሁ ብታሸቱ ዝምድናቸውን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

የዚህን ቤተሰብ ምሥጢር ለልጅ ለማሳየት ጥቅምት ላይ አንድ የኑግ አበባ መቁረጥ ይበቃል። ልጁ አንድ አበባ ያየ ይመስለዋል፤ በእጃችሁ ፈልቅቃችሁ ስታሳዩት ግን መሐሉ በጥቃቅን አበቦች የተሞላ መንደር ሆኖ ያገኘዋል። ዳር ዳሩን የተሰለፉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ክሪዛንተመምም እንዲሁ ናት፤ ድርብርብ የሆነችው ዓይነት እነዚህ የዳር አበቦች በዝተውባት መሐሉን የሸፈኑት ናት።

ስድስት ልጆች፣ አንዲት ሥር

እናቴ ቢቸና ናት፤ ዘንድሮ 84 ዓመቷ ነው። ከስድስት ልጆቿ እዚያው አብራት ያለችው ታናሽ እህታችን ብቻ ናት። እኔ ሞጣ ነኝ፤ ሌሎቹ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ናቸው። በግቢዋ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ሐምራዊ ክሪዛንተመም ነበረቻት። አባታችን በወጣትነቱ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሲመለስ በቆርቆሮ ጣሳ አፈር ጠቅጥቆ ያመጣላት ናት። አባታችን ካረፈ 14 ዓመት ሆነው። ከእርሱ እጅ የቀረላት ነገር ጥቂት ነው፤ ከሚበቅለው ነገር ደግሞ ያቺ ብቻ።

የቢቸና አፈር ዋልካ ነው። ለጤፉ ስም ያወጣለት መሬት ለዚህች አበባ ግን አይመቻትም፤ ክረምት ውኃ አቁሮ ይይዝና ሥሯን ያፍነዋል። ሁለት ከባድ ክረምት ተከታትሎ ቁጥቋጦዋ እየሳሳ ሄዶ ጥቂት ቀንበጦች ቀሩ። እናቴ ለእህቴ በስልክ አስደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «አባትህ ያመጣት ነገር ከእኔ ቀድማ መሄድ የለባትም። ለስድስታችሁም ሳትደርስ ብትጠፋ ቅር ይለኛል።»

ከልጆቿ መካከል ያልሞከረ አልነበረም። ለበዓል ቢቸና የመጣ ሁሉ ሲመለስ ከአበባዋ አንድ ሁለት ዘለላ ቆርጦ ይወስድና ይተክላል። ቅርንጫፉ ሳምንት ሁለት ሳምንት አበባውን ይዞ ይቆይና ከሥሩ ጠቁሮ ይበሰብሳል። እናቴ ነገሩን «እጃቸው አይቀናም» ትለዋለች። እጃቸው ምንም አልሆነም። የሚቆርጡት ያበበ ቅርንጫፍ ነበር፤ ያበበ ቅርንጫፍ ደግሞ ጉልበቱን ሁሉ ለአበባው ስለሰጠ ሥር የማውጣት ፍላጎቱ ደካማ ነው። ከቢቸናዋ ቁጥቋጦ ላይ ግን ያላበበ ቀንበጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ገና ስንዝር ሳትሞላ እምቡጥ ትይዛለች።

«መካኗ» አበባ

በዚያው ሰሞን ሞጣ ውስጥ ጎረቤቴ በተቃራኒው ችግር ተቸግራለች። ቢጫ ናት ተብላ የተሰጠቻት ክሪዛንተመም ከግቢዋ በር አጠገብ ተተክላ፣ ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወገብ እስኪደርስ አድጋለች፤ በሦስት ዓመት ግን አንድም አበባ አላሳየችም። «መምህር፣ ይቺ መካን ናት፤ ነቅዬ ጎመን ልተክልበት ነው» አለችኝ። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ ቀና ብላ በሩን አየችና፣ «አባባ፣ እዚህ ቤት መብራቱ ሌሊት አይጠፋም እንዴ?» ስትል ጠየቀች። እውነቷን ነበር። በተክሏ አናት ላይ የበሩ አምፖል ከምሽት እስከ ንጋት ይበራል።

ያን ጊዜ የቢቸናዋና የሞጣዋ አበባ አንድ ጥያቄ ሆኑ። ከማድ ቤት ጀርባ በጨለማ ያለችው ያለ ዕድሜዋ ታብባለች፤ ከአምፖል ሥር ያለችው ታድጋለች እንጂ አታብብም። ለመባዛት የምትመቸው ደግሞ «መካን» የተባለችዋ ናት።

ጨለማን መለካት

ዕፅዋት የቀንና የሌሊትን ርዝመት እየለኩ የሚያብቡ መሆናቸውን በሙከራ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተሙት ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በትምባሆና በአኩሪ አተር ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ ለእንደ ክሪዛንተመም ያሉ ዕፅዋት ዋናው ነገር ያልተቋረጠው ጨለማ ነው። የጨለማው ርዝመት ከአንድ ወሰን ካለፈ ተክሏ ቅጠል ማውጣቷን ትታ እምቡጥ ወደ መሥራት ትዞራለች። ለብዙዎቹ የክሪዛንተመም ዓይነቶች ወሰኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

አሁን የእኛን አገር ሌሊት አስቡት። በቢቸናና በሞጣ ሌሊቱ በጣም በሚያጥርበት በሰኔ አጋማሽ እንኳ ከ11 ሰዓት አይወርድም። በጣም በሚረዝምበት በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህ ማለት ለእኛ ክሪዛንተመም ዓመቱን በሙሉ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ዓመቱን በሙሉም «ጊዜሽ ደርሷል፣ አብቢ» ይላታል። በአውሮፓ ግን የበጋው ቀን 16 ሰዓት ስለሚዘልቅ ተክሏ በበጋ አድጋ፣ መከር ሲገባና ሌሊቱ ሲረዝም ታብባለች። እዚያ ማደጊያና ማበቢያ ጊዜ ተለይቶላታል። እዚህ የሚለይላት ሰው ነው።

ይህን የሚለዩት በአምፖል ነው። በአገራችን በቆቃ አካባቢ ሥር ያላወጣ የአበባ ቀንበጥ እያመረቱ ወደ አውሮፓ የሚልኩ እርሻዎች አሉ። በዓለም ላይ የክሪዛንተመም ቀንበጥ የሚያመርቱ እርሻዎች የእናት ተክሎቻቸውን ሌሊት ያበሩላቸዋል። በእኩለ ሌሊት ግራና ቀኝ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ መብራት ሲበራ አንዱ ረጅም ጨለማ ለሁለት አጫጭር ጨለማዎች ይከፈላል። ተክሏም ገና ማደጊያዋ እንደሆነ ቆጥራ ቀንበጥ መስጠቷን ትቀጥላለች።

ለቤት የዚህን ያህል መድከም አያስፈልግም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቤተሰቡ እስኪተኛ፣ ማለትም እስከ 4 ሰዓት ድረስ የበረንዳው አምፖል ከተክሏ በላይ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቢበራ የሚቀራት ጨለማ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ከወሰኑ በታች ስለሆነ እምቡጥ አትይዝም።

አሠራሩ

በመጋቢት ቢቸና ሄጄ ከተረፈችው ሥር አራት ቀንበጥ ቆረጥኩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በላስቲክ አድርጌ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን በኩል ሞጣ አስገባኋቸው። ሦስቱ ያዙ። ሥር ከሰደዱ በኋላ በበረንዳው አምፖል ሥር አሳደግኋቸው። በእናንተም ቤት እንዲሠራ ደረጃውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ፣ እናት ተክል ለዩ። በሽታ የሌላትን አንዲቱን ምረጡና ቢያንስ ለአንድ ወር ተኩል ምሽት ምሽት አብሩላት። እምቡጥ ከያዘች ጫፎቿን ቀንጥሱላት፤ በመብራቱ ሥር የሚወጡት አዳዲስ ቀንበጦች ቅጠል ብቻ ይይዛሉ።

ሁለተኛ፣ ቀንበጡን ቁረጡ። ርዝመቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ላይ እምቡጥ የሌለው፣ በጣት ሲያጎብጡት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ይሁን። ሲጎብጥ የማይሰበር ከሆነ እንጨት ሆኗል፤ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ምላጭ የምትጠቀሙ ከሆነ አስቀድማችሁ በአልኮል ጥረጉት። ማለዳ መቁረጥ ይሻላል፤ ተክሏ ውኃ የጠገበችው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፋችሁ ሁለት ሦስት ቅጠል ከላይ አስቀሩ። የታጠበ የወንዝ አሸዋ ከበሰለ ብስባሽ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ከሥሩ የተበሳ ጣሳ ሙሉ። ቀንበጡን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን አድርጉ። አጠጡና ታቹ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ድፉበት። ክዳኑን ክፍት ተዉት፤ አየር ያስፈልጋቸዋል።

አራተኛ፣ ከቀጥታ ፀሐይ አርቁ። አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ አይሁን። በዚህ ጊዜም የምሽቱ መብራት ይቀጥል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀንበጡን ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት እምቢ ካለ ሥር ሰድዷል።

አምስተኛ፣ አዲስ ቅጠል ስትጀምር ወደ መደብ አዛውሩ። ስድስት ቅጠል ያህል ስትይዝ ጫፏን ቀንጥሱት። ሰው ይህን ሲያደርግ ይሳሳል፤ ግን አንዱ ጫፍ ሲቀነጠስ ከጎኑ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ይወጣል፤ የአበባውም ብዛት በዚያው ልክ ነው።

ዋልካ አፈር ላይ ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። የመንደራችን ገበሬ ዋልካ ላይ ስንዴ ሲዘራ ውኃው እንዲሸሽ መደብና ቦይ ያወጣል። ለአበባውም እንዲሁ አድርጉ። መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅሉበት። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

አሪቲ ያላችሁ ደግሞ ሌላውን መንገድ አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን አሪቲ ያረጀች እንደሆነ ነቅለው ሥሯን ይከፋፍሉና ከዳር ያለውን ወጣት ሥር መልሰው ይተክላሉ። ክሪዛንተመምም ከሥሯ ዙሪያ አዲስ ቡቃያ ታወጣለች፤ በዚሁ መንገድ ትከፈላለች። መሐሉን ያረጀውን ጣሉት።

መብራት የጠፋ ሰሞን

ችግኞቻችን በበረንዳው ላይ በደህና ሲያድጉ ሞጣ ላይ መብራት ጠፋ። አንድ ሁለት ሌሊት ቢሆን ባልተጨነቅን፤ ሳምንት አልፎ ሁለተኛው ተጀመረ። በአሥረኛው ቀን የልጅ ልጄ ከአንደኛዋ ጫፍ ላይ የሽንብራ ፍሬ ግማሽ የምታህል አረንጓዴ እምቡጥ አገኘች። የቢቸናዋ ሥር ያን ጊዜ እህቴ እንደነገረችኝ አንድ ቀንበጥ ብቻ ቀርቷታል። በእጃችን ያሉት ሁሉ ካበቡ የሚቆረጥ ነገር አናገኝም ነበር።

ያበቡ ቢሆን ለዘላለም ጠፉ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ጫፉ ተቀንጥሶ፣ መብራት ተመልሶ፣ ወራት ተጠብቆ እንደገና ይጀመራል። ክረምቱ ግን እየመጣ ነበር። ስለዚህ እምቡጡን ቀነጠስን፤ ቤት የነበረችውን የሶላር ፋኖስ ቀን ፀሐይ ላይ እያሰጣን ማታ በእንጨት ላይ ሰቀልንላቸው። ጎረቤቴም የእሷን ፋኖስ አመጣች። «ለመካኗም ትሁናት» ብላ ሳቀች። እስከ ሐምሌ ድረስ ሃያ ሁለት ችግኝ ደረሰልን።

በነሐሴ የቢቸናዋ ሥር አለቀች።

«ያቺው ናት ወይስ ልጇ?»

በመስከረም መጨረሻ ሁለት ችግኝ ይዤ ቢቸና ሄድኩ። እናቴ ቅጠሉን አሽታ አሸተተች፤ ከዚያም «ይቺ ያቺው ናት ወይስ ልጇ?» ስትል ጠየቀችኝ። ብዙ ዓመት ሥነ ሕይወት ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ተማሪ አልጠየቀኝም።

መልሱ «ያቺው ናት» ነው። በቀንበጥ የተባዛች ተክል የእናቷ አካል ናት። አባትና እናት የላትም፤ መልኳ፣ ጠረኗ፣ የምታብብበት ጊዜ አንድ ነው። አባታችን ደብረ ማርቆስ ላይ የያዛት ተክልና እናቴ በዚያ ቀን በእጇ የያዘቻት ተክል አንድ ሕይወት ናቸው፤ የተለወጠው ጣሳው ነው። በዓለም ላይ የታወቁ የክሪዛንተመም ዓይነቶች ሁሉ ሳይለወጡ የሚቆዩት በዚህ መንገድ ነው።

ዘር ግን ሌላ ነው። ከዘር የሚወጣው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ወላጁን ቢመስልም ወላጁን አይሆንም። ክሪዛንተመም በዚህ ረገድ ትብሳለች። አብዛኛውን ጊዜ 54 ክሮሞሶም ስላላትና እነርሱም በየዘሩ በተለያየ መልክ ስለሚደላደሉ፣ ከአንድ አበባ የተገኙ ዘሮች እንኳ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ ሆነው ይወጣሉ። የራሷንም ብናኝ አትቀበልም፤ ዘር እንድትይዝ ከሌላ ዓይነት ተክል ብናኝ ማግኘት አለባት። ኑግም እንዲሁ ናት። የኑግ ማሳ ያለ ንብ ፍሬው የሚያንሰው ለዚህ ነው፤ ንቡ ማሩን ይወስዳል፣ ገበሬው ቅባቱን ያገኛል።

አዲስ ዓይነት የሚያወጡ አዳቃዮች የሚጠቀሙበት ይህንን የዘር መለያየት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞችን አብቅለው ጥቂቶቹን ያስቀራሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ማዳቀል፣ በአንድ ተክል ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ በድንገት ሌላ ቀለም ያወጣል። ያንን ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥር ያስያዘ ሰው አዲስ ዓይነት አገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ ለማብዛት ቀንበጡን በጨረር የሚያክሙም አሉ።

የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ «እኛስ ማዳቀል አንችልም?» አለች። ይቻላል። ጎረቤቴ የበሩን አምፖል ማታ ማታ እንድታጠፋው አደረግን፤ በዘጠነኛው ሳምንት «መካኗ» ቢጫ ሆና ፈነዳች። የሰፈሩ ሰው ለማየት መጣ። ከእሷ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ወስደን ወደ ሐምራዊዋ አሻገርን። አስቀድማ ልጅቱ የሐምራዊዋን የዳር ቅጠሎች በመቀስ አሳጥራቸው ነበር፤ ያን ጊዜ በቅጠሎቹ ሥር ያለችው ሹካ መሰል የሴቴ ብልት ትታያለች። ሥራው ለሦስት አራት ቀን በእኩለ ቀን አካባቢ ተደጋግሞ ተሠራ። ሌላ ብናኝ በንብ እንዳይመጣ አበባውን በስስ ነጠላ ቁራጭ አሰርነው። በሁለት ወር ውስጥ አበባው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ጥቃቅን ዘር ተገኘ። ለዚህ ሥራ ድርብርብ ያልሆነችው፣ መሐሏ የሚታየው ዓይነት ትመቻለች፤ በጣም የተደረበችው ብናኟ ትንሽ ነው።

ከዘሩ አሥራ አንድ ችግኝ በቀለ። አሥሩ ገረጣ ያሉ፣ ለዓይን የማይሞሉ ሆኑ። አንዷ ግን የነሐስ መልክ ያላት፣ ጫፏ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነች። እናቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ካየች በኋላ ፍርዷን ሰጠች፦ «ሐምራዊዋ የአባትሽ አባት ናት፤ ለስድስታችሁም እሷ ትድረስ። ይቺ ግን ያንቺ ናት፤ ስም የምታወጪላት አንቺ ነሽ።» ልጅቱ ስሙን እስካሁን ለማንም አልነገረችም።

ለበዓል ማድረስ

ሌሊቱን መቁጠር ያወቀ ሰው አበባውን ለፈለገው ቀን ማድረስ ይችላል። መብራቱ ከጠፋበት ሌሊት ጀምሮ እስክትፈነዳ እንደ ዓይነቷ ከ7 እስከ 10 ሳምንት ይወስዳል። አማካዩን 9 ሳምንት ብንይዝ፣ ለገና ጥቅምት 26 አካባቢ፣ ለጥምቀት ኅዳር 8 አካባቢ መብራቱን ማጥፋት ነው። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ሐምሌ 3 አካባቢ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ዝናቡ እንዳያበሰብሳት ከጣሪያ በታች ትቀመጥ። መብራቱ ካጠፋችሁ በኋላ የመንገድ መብራት ወይም የጎረቤት አምፖል እንደማይደርስባት አረጋግጡ።

ሦስት ማሳሰቢያ ልጨምር። በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድባችሁ አካባቢዎች እምቡጧን ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት። በቅጠሏ ሥር ነጭ ወይም ሮዝማ ብጉር የመሰለ ነገር ካያችሁ ነጭ ዋግ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላልና ከዚያች ተክል ቀንበጥ አትውሰዱ፤ የታመመውን ቅጠል አቃጥሉት፣ ውኃውንም ከላይ ሳይሆን ከሥሯ አጠጡ። የልጅ ልጆቻችሁን ስታሠሩ ደግሞ የተክሏ ጭማቂ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካልና ከሥራው በኋላ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቡ። ቅጠሏን እንደ አሪቲ ወይም እንደ ጤና አዳም በቡናና በሻይ አይጨምሩ።

ከሃያ ሁለቱ ችግኞች ለስድስታችን ደርሰዋል፤ ደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ይዘዋል። የተረፈውን ለጎረቤት ሰጠን። መንገዱ ሁልጊዜ በማይታመንበት ዘመን አንድ ቦታ ብትጠፋ ሌላ ቦታ ትገኛለች። ለዚህ ነው ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ሁለት ተክል ያዝ የምለው። አንዷን ከአምፖል ሥር አኑራት፣ ቀንበጥ ትስጥህ፤ ሌላዋን በጨለማ ተዋት፣ ታብብልህ። ከአምፖሉ ሥር ያለችውንም መካን አትበላት።